«ተማሪ ሰበረው» ከማለታችሁ በፊት ቀዳዳውን እዩ

ትምህርት ቤት ውስጥ ዴስክ በተሰበረ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ተማሪ ሰበረው»። ወላጅ ይጠራል፣ ያስከፍሉታል፣ አለቀ።

እስቲ ጎንበስ ብላችሁ ስብራቱን እዩት። ጣውላው ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስቶ እስከ ጫፉ ከተሰነጠቀ ጥያቄዬ ለልጁ አይደለም፤ ለገጣሚው ነው። ለ10 ሚሊ ብሎን በስንት ፑንታ በሳኸው?

«ሁለት ሦስት ሚሊ ምን ያመጣል? ዳዶውን ጠበቅ ማድረግ ነው» ይሉናል። ኧረ ያመጣል!

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ስትረስ ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት መሆኑን ታስታውሳላችሁ። 2000 ኒውተን በ10 ሚሊ ብሎን በኩል 20 ሚሊ ጣውላ ላይ ቢያርፍ፣ 2000 ለ200 ተካፍሎ በካሬ ሚሊ 10 ኒውተን ይሆናል። ቀመሩ ቀዳዳው 11 ይሁን 14 አይጠይቅም። እንጨቱ ግን ይጠይቃል። ቀዳዳው ልክ ከሆነ ብሎኑ ግማሽ ክቡን ያህል ተደግፎ ይገፋል። ሰፊ ከሆነ የሚነካው ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል እዚያች ላይ ይከመራል።

ብረት ቢሆን ትንሽ እጅ ሰጥቶ ጭነቱን ለጎረቤት ብሎን ያካፍላል። እንጨት ቃጫውን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «4 ብሎን አስረናል» አትበሉን። ሦስቱ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ከተንጠለጠሉ የሚሸከመው ቀድሞ የነካው አንዱ ነው።

ዳዶ ማጥበቅ ለጊዜው ይይዛል። ግን መቱም ኖፓም ክረምቱን ታውቁታላችሁ፤ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ ጣውላ በበጋ ይኮማተራል፣ ዳዶው ይላላል፣ ብሎኑ ይወዛወዛል። በመዶሻ ተደብድቦ የገባ ብሎንም አያድንም፤ ማንም ሳይቀመጥበት ስንጥቁን ይጀምረዋል።

«ይሄ የአናጢ ወግ ነው» ለምትሉ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር በክብደት ግማሽ ያህሉ በሙጫ የተያያዘ ቃጫ ነው፣ በአብዛኛው የካርቦን። ቦይንግ በ2008 እ.ኤ.አ. በሙከራ አውሮፕላኖቹ ላይ በትክክል ያልተገጠሙ ማያያዣዎች አግኝቶ እያወጣ ቀይሯቸዋል። እነሱ ማያያዣውን ይመረምራሉ፤ እኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ እንመረምራለን።

ዴስክ የምትረከቡ ሰዎች፣ የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ብሎን አስፈቱ። ቀዳዳው ከብሎኑ ከ1 ሚሊ ብዙ አይብለጥ። ጣውላውና ብረቱ አንድ ላይ ተይዘው ይበሱ። ቀዳዳው ከጣውላው ጫፍ የብሎኑን ውፍረት 7 እጥፍ ይራቅ፤ ለ10 ሚሊ ብሎን 7 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከተሰበረ፣ ያኔ ወላጅ ጥሩ።

አናጢና በያጅ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? የተሳሳትኩበት ካለ በፑንታችሁ አሳዩኝ።