ለሙዳየ ምጽዋት የተሰጠው ጥበቃ ለሕፃናትም ይሰጥ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ አይከፈትም። ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተወከሉ ሰዎች በተገኙበት ይከፈታል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረምበታል። ይህ ሲደረግ «ካህኑን ሌባ አላችሁት» ብሎ የሚቆጣ የለም። ጥንቃቄው ገንዘቡን ከስርቆት፣ ታማኙንም አገልጋይ ከሐሜት እንደሚጠብቅ ሁሉም ተስማምቶበታል። ታዲያ ለሳንቲም ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሥርዓት፣ ነገሩ የሕፃን ሲሆን ሁሉን በአንድ ሰው ኅሊና ላይ የሚጥለው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲገባና ብዙው በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሲሰፍር፣ ያለ ወላጅ የተሻገሩ ልጆች በመካከሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ፣ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ተሰደዱ። ዘመድ የሌለው ልጅ አስቀድሞ የሚጠጋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያን መጠጊያ መሆኗ ክብሯ ነው። ነገር ግን ሌላ የሚሄድበት የሌለው ልጅ፣ ያስጠጋው ሰው ክፉ ሆኖ ቢገኝ አቤት የሚልበት ደጅም የለውም።

ቀድሞ የአብነት ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ በየኔታ ደጅ ሲያድር ቢያንስ የመንደሩ ዓይን ነበረው። እያዞረ የሚለምንባቸው ቤቶች ሲከሳ ያዩታል፤ ሲጠፋም ይጠይቃሉ። ያም ቢሆን ሁልጊዜ አላዳነም። በስደተኞች ሰፈር ግን ያ ዓይን እንኳ የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ትናንት የመጣ፣ ነገ የሚሄድ ነው።

ይህ ማለት በአካባቢው ያሉ አገልጋዮች ጥፋተኞች ናቸው ማለት አይደለም። መልካም ስም ብቻውን ጠባቂ እንደማይሆን ግን ኢትዮጵያ በራሷ ምድር አይታዋለች። በወሎ፣ ጃሪ በተባለው ስፍራ፣ ቴር ዴ ዞም የተባለው የሎዛን የስዊስ በጎ አድራጎት ድርጅት ለሙት ልጆች ያቋቋመው መንደር ነበር። የመንደሩ ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ክሪስቲ በ1990ዎቹ በአደራ የተሰጡትን ወንዶች ልጆች በመድፈሩ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የዘጠኝ ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ድርጅቱ ልጆቹን ለመጠበቅ የሚገባውን ሁሉ አላደረገም ብለው የተናገሩ ባልና ሚስት ግን በስም ማጥፋት ተከስሰው ተፈረደባቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ቤቱን የሚጠብቀው የቤቱ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የሚናገር ሰው እንደ ጠላት ይቆጠራል።

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህንኑ ያጸናል። ጆን ስማይዝ የተባለው ጠበቃ በክርስቲያን ወጣቶች የበጋ ካምፕ ያገኛቸውን ልጆች በጭካኔ ይገርፍ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1982 በውስጥ ሪፖርት ተጽፎ ነበር። ጉዳዩ ግን ለፖሊስ ሳይነገር ታፈነ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ዚምባብዌ ተሻግሮ በዚያም የአፍሪካ ልጆችን ገረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ በዚሁ ጉዳይ ሥልጣን መልቀቃቸውን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ነበር። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ «ገለልተኛ» የተባለ የጥበቃ ቦርድ አቋቁማ ነበር። ነገር ግን የቦርዱ አባላት ነጻነታችን ተነካ ብለው ሲከራከሩ፣ ያቋቋመው የሊቃነ ጳጳሳቱ ምክር ቤት ራሱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በተነው። በሚመረመረው አካል ፈቃድ የሚኖርና የሚፈርስ መርማሪ ገለልተኛ ሊባል አይችልም።

ይህ ሐሳብ ሲነሣ ሦስት ተቃውሞዎች ይሰማሉ። አንደኛው «ገበናችንን በባዕድ አገር አናውጣ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ገበና የሚባለው የራስ ድካም ነው፤ በልጅ ላይ የተፈጸመ ግፍ ግን የማንም ገበና አይደለም፣ ወንጀል ነው። ሁለተኛው የንስሐን ምሥጢር ያነሣል። ምሥጢሩ የተናዛዡን ኃጢአት ይጠብቃል። የተደፈረች ልጅ እናት ወደ ካህኑ ስትመጣ ግን ኃጢአት ልትናዘዝ ሳይሆን ምስክርነት ልትሰጥ ነው፤ አፏን በንስሐ ስም መዝጋት ምሥጢሩን ማክበር ሳይሆን መደበቂያ ማድረግ ነው። ሦስተኛው «በሽማግሌ ይለቅ» ይላል። ሽምግልና ለድንበርና ለከብት ጠብ የተከበረ ነው፤ እኩል ቆመው የሚከራከሩ ሁለት ሰዎችን ያስታርቃል። ሕፃኑና መምህሩ ግን እኩል አይደሉም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአደራ በተሰጠው ልጅ ላይ ይህን በደል የፈጸመ ሰው ቅጣት እንዲከብድ ይደነግጋል እንጂ ለእርቅ አይተወውም።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ኦርቶዶክስም ሆነ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ፣ እያንዳንዱ ማኅበረ ምእመናን ከአስተዳደሩ ውጭ በሕዝብ የሚመረጡ ሦስት ሰዎች ይኑሩት። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ አንዱም በጤና ወይም በመምህርነት ሙያ የሠራ ይሁን። ከደብሩ ደመወዝ አይብሉ፤ አስተዳዳሪውም ሊሽራቸው አይችል። አቤቱታ ሲደርሳቸው ለሕክምና፣ ለፖሊስና ለስደተኞች ጥበቃ ሠራተኞች በቀጥታ ያመልክቱ፤ የልጁን ስም ይሰውሩ፤ የተጠረጠረውም እስኪጣራ ድረስ ከልጆች ይራቅ። ከመተማም ሆነ ከካርቱም የመጣ አገልጋይ፣ ለምን ከቀድሞ ቦታው እንደወጣ የሚገልጽ መሸኛ ሳያቀርብና መሸኛውም ሳይረጋገጥ ልጅ አይሰጠው። ልጅም ከአገልጋይ ጋር ብቻውን አይደር።

በማቴዎስ ወንጌል 18ኛው ምዕራፍ ክርስቶስ ሕፃኑን ያቆመው በደቀ መዛሙርቱ መካከል፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ነው። የወፍጮ ድንጋዩንም ነገር የተናገረው በዚያው ምዕራፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ወደ መካከል ብትመልሰው አዲስ ሥርዓት አላመጣችም። ሙዳየ ምጽዋቱን በብዙ ዓይን የምትጠብቅ ቤት፣ ልጁንም በብዙ ዓይን ለመጠበቅ ዓቅም አላት።