በወረቀት ላይ የተሠራ ወኅኒ ቤት

ልጅ ሲጫወት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ነገር ግን ልጁ በጨዋታው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ የጠየቀ አባት፣ በሌላ ጊዜ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ለልጁ የሚናገርበት በር ሊያገኝ ይችላል። ይህንም የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው ሳይሆን በአባቴ ቤት ከሆነው ነገር ተነሥቼ ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ነው። ቤተ ሰባችን ከአገሩ ወጥቶ በዚያ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔም የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በረዶው ከቤት አላስወጣ ባለበት ወራት የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቀይ ሣጥን ይዞ መጣ። በሣጥኑም ውስጥ ሁለት መጻሕፍትና ስድስት የዕጣ ጠጠሮች ነበሩ። ከጠጠሮቹ ባለ 4 ገጽ አለ፤ ባለ 20 ገጽም አለ፤ የተቀረጸባቸው ቁጥር ቀለም ስላልነበረው ከሣጥኑ ባገኘነው የሰም እርሳስ እኛው ሞላነው።

የጨዋታው ስም ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ የምድር ቤት ወኅኒዎችና ዘንዶዎች ማለት ነው። አጨዋወቱም እንደ ገበጣ ወይም እንደ ሰንጠረዥ አይደለም። ከልጆቹ አንዱ አጫዋች ይሆንና ከመሬት በታች ያለ የጥንት ግንብ በወረቀት ነድፎ ከባልንጀሮቹ ይሰውረዋል። የቀሩት፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ካህን፣ አንዱም አስማተኛ ነኝ እያለ፣ አጫዋቹ በቃል እየመራቸው ይገቡበታል። «በሩን ትከፍታላችሁን? ወይስ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ?» እየተባሉ ይጠየቃሉ፤ ያሰቡት መሳካቱንም ብዙ ጊዜ ጠጠሩ ይወስናል። ጨዋታው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ አይደለም፤ ታሪኩ ከቀን ወደ ቀን ይቀጥላል።

ይህን ጨዋታ በ1974 በጥር ወር ለሕዝብ ያወጡት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። የመጀመሪያው እትም 1000 ብቻ ነበር፤ እኔ ባየሁት ጊዜ ግን ልጆች ሁሉ ያውቁት ነበር።

እኔም አጫዋች ለመሆን ተመኘሁና አራት ማዕዘን መስመር በተሰመረበት የሒሳብ ወረቀት ላይ የራሴን ወኅኒ መንደፍ ጀመርሁ። አንዱ ማዕዘን እንደ 10 ጫማ ይቈጠራል። ወረቀት ከወረቀት እያጣበቅሁ ሦስት ፎቅ ያህል ወደ ታች ወረድሁ፤ ምሥጢራዊ በር፣ ወጥመድ ያለበት ደረጃ፣ ሰዎች በሰንሰለት የታሰሩበትም ክፍል ሠራሁ።

በዚያ ወራት በአሜሪካ ብዙ ወላጆች ይህን ጨዋታ ይፈሩት ነበር። ልጆችን ወደ ጥንቈላና ራስን ወደ መግደል ይመራል የሚል ወሬ ስለ ተነዛ፣ በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር እስከ መቋቋም ደርሶ ነበር፤ ክሱ ግን በማስረጃ አልጸናም። ወሬው እናቴ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ደንግጠው ወረቀቶቼን ሰበሰቡና ለአባቴ አሳዩአቸው።

አባቴም «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ፈልጌ «ወኅኒ ቤት ነው አባባ፤ አዛዡም እኔ ነኝ» አልኋቸው።

አባቴ በአገራቸው ሳሉ ሦስት ዓመት ታስረው የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚያ ጊዜ በቤታችን አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም ነበር። ወረቀቱን ይቀዱታል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከብዙ ዝምታም በኋላ «ሰዎቹ በየት በኩል ይወጣሉ?» አሉኝ። እኔ ስለ መግቢያው እንጂ ስለ መውጫው አላሰብሁም ነበርና መልስ አጣሁ።

በዚያን ጊዜ እርሳሱን ከእጄ ተቀብለው በወረቀቱ ጥግ አንዲት ጠባብ ክፍል ሣሉ። «እኛ የነበርንበት እንዲህ ያለ ነው፤ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ስፋቱ አራት፤ መስኮቱ በዚህ በኩል ነው፤ 17 ሰዎች ነበርንና በየተራ እንተኛ ነበር» አሉ። በመካከላቸው የነበሩ አንድ መምህር በወለሉ ላይ በጣታቸው እየጻፉ ለሌሎቹ ሒሳብ ያስተምሩ እንደ ነበረም ያን ማታ ነገሩኝ። በመጨረሻም «አዛዥ ነኝ ብለሃልና መውጫ ሥራላቸው፤ ልጄ» አሉኝ። እኔም በማግሥቱ ወደ ወንዝ ዳር የሚያወጣ ረጅም መንገድ ሠራሁ።

ኋላ አድጌ የጨዋታውን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ የጋይጋክስም ቤት ነገር አስገረመኝ። እርሱ በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ከተማ የሚኖር፣ በ1970 የኢንሹራንስ ሥራውን ካጣ በኋላ ጫማ በመጠገን ኑሮውን የሚረዳ የልጆች አባት ነበር። በ1972 አርንሰን የጀመረውን ጨዋታ አይቶ ደንቡን ሲጽፍ፣ የነደፈውን ግንብ በመጀመሪያ የገቡበት ወንድ ልጁና ሴት ልጁ ናቸው። ልጆቹም 3000 የመዳብ ገንዘብ ያለበት ሣጥን አገኙ፤ ነገር ግን ስለ ከበዳቸው ሊወስዱት አልቻሉምና አዘኑ። አባትዮውም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወዲያው ሁለተኛውን ፎቅ መንደፍ ጀመረ። እርሱ በ2008፣ አርንሰንም በ2009 ዐርፈዋል።

ስለዚህ ልጃችን ያልገባንን ሥዕል ይዞ በመጣ ጊዜ ከመቈጣታችን አስቀድሞ «ይህ ምንድር ነው?» ብለን ብንጠይቀው ይበጃል። ጨዋታው የጭቃ ቤትም ቢሆን፣ የወረቀት ወኅኒም ቢሆን ልዩነት የለውም። አባቴ ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል። የእስራታቸውን ነገር የሚገልጥ ከእጃቸው የቀረልኝ ጽሕፈት ግን ያ ወረቀት ብቻ ነው፤ የሳቸው መስመርና የእኔ መስመር እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይታይበታል።