«አፈሬ ምን አለ?»

ለዩኒቨርሲቲያችን የማኅበረሰብ አገልግሎት ኃላፊዎችና ለተመራማሪ መምህራን

ጉዳዩ፦ ያልመጣ የአፈር ምርመራ ውጤትን ይመለከታል



እማማን ባለፈው ጥር ቀበርናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ በእናንተም መዝገብ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ማሳቸው የመራኋችሁ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ እኔ ነኝ። ስለዚህ ወቀሳው ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ የእኔም እጅ አለበት።

ከማሳው ከዚህም ከዚያም አፈር አወጣችሁ፤ በባልዲ ደባልቃችሁ አንድ ኪሎ ያህል በላስቲክ ከረጢት ቋጠራችሁ። እማማ ጠላና ቆሎ አቀረቡ። ከዚያ መጠይቁ መጣ፤ ስንት ዶሮ እንዳላቸው፣ ባላቸው መቼ እንደሞቱ ሳይቀር ተጠየቁ። ሳይሰለቹ ሁሉንም መለሱ። ልትሄዱ ስትነሱ እሳቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቋችሁ፦ «ውጤቱ መቼ ይመጣል?» «በወር ውስጥ» አላችሁ።

ከዚያ ወዲህ በገበያም፣ በእድርም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ አፈሬ ምን አለ?» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ «ይመጣል» አልኳቸው። ቀጥሎ ደወልኩላችሁ፤ አንዱ ለትምህርት ውጭ ሄዷል ተባልኩ፣ ሌላው ፕሮጀክቱ ተዘግቷል አለኝ። በመጨረሻ እሳቸውን ከሩቅ ሳይ መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

የደጋችን ቀይ አፈር ዝናብ ሲያጥበው ኖሮ አሲዳማ እንደሚሆን እናንተ ያስተማራችሁኝ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ገብስ ይቀጭጫል፤ የማዳበሪያው ፎስፈረስ በአፈሩ ይታሰርና ሰብሉ ሳያገኘው ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለማሳው ስንት ኩንታል እንደሚበቃ ግን በዓይን ግምት አይታወቅም፤ የሚናገረው ያ ከረጢት ነበር። እማማ ሁለት ክረምት ማዳበሪያ በዕዳ ገዙ፤ ሁለቱንም ክረምት ገብሱ ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ገብሱን ትተው እንግዶ ዘሩ።

ጨርሳችሁ ጠፋችሁ አልልም። አምና «የማኅበረሰብ አገልግሎት ቀን» ብላችሁ በአውቶቡስ መጣችሁ። ባነር ሰቀላችሁ፣ ደብተር አከፋፈላችሁ፣ ችግኝ ተከላችሁ፣ ፎቶ ተነሳችሁ። እማማ ከሕዝቡ መሃል ቆመው የእያንዳንዳችሁን ፊት ሲያዩ አየኋቸው። ያን ከረጢት የቋጠረውን ልጅ ነበር የሚፈልጉት። አላገኙትም። ኮፍያ ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትን ሥራችሁ አድርጎታል። እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ የቆጠራችሁት ሦስተኛ ተብሎ ስለሚጠራ ይሆን? ከእናንተ በፊት የነበሩት እንዲህ አላሰቡም። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በደንቢያ ሜዳ ወባ ሺዎችን ከፈጀች በኋላ ነው፤ ኮሌጁን የወለደው የገበሬ መቃብር ነው ማለት ይቻላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከእነዚያ ሴቶች እንዶድ በመነሣት በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን ቢልሃርዝያ ለመከላከል የሚያስችል ምርምር ተወለደ። ዕውቀቱ መጀመሪያም ከወንዝ ዳር የመጣ ነው፤ ወደ መጣበት ቢመለስ ዕዳ መክፈል እንጂ ምጽዋት አይባልም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የከረጢቱ ቁጥር በማስታወሻ ደብተሬ አለ። መጋዘናችሁን፣ ኮምፒውተራችሁን፣ የመመረቂያ ጽሑፎቻችሁን አባሪ ፈትሹልኝ። አፈሩ ሳይመረመር ተጥሎም ከሆነ እሱኑ ንገሩኝ፤ እኔው ቆፍሬ ሌላ አመጣለሁ። ኖራ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበትና እስከ ሚያዝያ ብታደርሱልኝ ለዘንድሮ ክረምት ይደርሳል።

ማሳውን አሁን የያዘችው ልጃቸው ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከፊት ለፊቴ ስትመጣ አየኋት። መንገድ አልቀየርኩም። ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ ምን ልትለኝ እንደሆነ አውቄ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ