ዲፕሎማው ከደጅ ይቀራልን?



ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ዲፕሎማ ይዞ ለዲግሪ ስለሚመጣው ተማሪ ግን እምብዛም ሲነገር አንሰማም። በምዕራብ ሐረርጌ ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በገለምሶም ሆነ በበዴሳ፣ በሂርናም ሆነ በመቻራ እኛን ፊደል ካስቈጠሩን መምህራን ብዙዎቹ 10ኛ ክፍልን ጨርሰው፣ በመምህራን ኮሌጅ 3 ዓመት ተምረው፣ በዲፕሎማ የተመረቁ ናቸው። ዛሬ ዲግሪ ለመያዝ የሚተጉትም እነርሱ ናቸው።

የሚማሩት በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ለገጠር ቤተሰብ የዕረፍት ወራት ሳይሆን የአረም ወራት ነው። መምህሩ ማሳውንና ልጆቹን ትቶ፣ ከደመወዙ ላይ የመኪናና የቤት ኪራይ ቈርጦ ይመጣል። እንግዲህ የሚባክንበት እያንዳንዱ ኮርስ ከቤተሰቡ አፍ የሚነጠቅ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ያ የ3 ዓመት ትምህርት ምን ያህል ይታሰብለታል? በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ የክረምት ተማሪዎችን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ብዙዎቹ በኮሌጅ የጨረሱትን የትምህርት ሥነ ልቦናና የማስተማር ዘዴ ስሙ ብቻ ተለውጦ ዳግመኛ ይማሩታል። የትኛው ኮርስ እንደሚያዝላቸውም ገንዘብ ከፍለው ከመመዝገባቸው በፊት አያውቁም።

«የቀድሞው ትምህርት ከተያዘላቸው የዲግሪው ደረጃ ይወርዳል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የኮሌጅ ኮርስ ሁሉ ከዩኒቨርሲቲው ጋር እኩል ነው ማለትም አይቻልም። ይሁን እንጂ የሰው ዕውቀት የሚለካው በፈተና እንጂ በጥርጣሬ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። በመጨረሻው በር ላይ ይህን የመሰለ ጠባቂ ቆሞ ሳለ፣ በመግቢያው በር ላይ የተማረውን እንዳልተማረ መቍጠር ምን ይጠቅማል?

በሌላ አገር ነገሩ መንገድ ወጥቶለታል። በአሜሪካ የ2 ዓመት ኮሌጅ የጨረሰ ተማሪ ኮርሶቹ ተቀባይነት ካገኙለት በዩኒቨርሲቲ 3ኛውን ዓመት ይጀምራል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣችው የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ይህን መሸጋገሪያ አንዱ ምሰሶ አድርጋዋለች።

እሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ቤት እንመልከት። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ አድጎ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ የነበረው የሐረማያ ካምፓስም ራሱን ችሎ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ካምፓሱ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን «ሕንፃው ይፍረስና ከመሠረቱ ይሠራ» ያለ ሰው የለም። በነበረው ላይ ተጨመረበት እንጂ። ለተቋም የተፈቀደው ለሰው ስለምን ይከለከላል?

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ በጭሮ ያሉት የመምህራን ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታሞች ናቸውና፣ መምህሮቻቸው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የትኛው ኮርስ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል በዝርዝር ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ከምዝገባ በፊት የኮርስ ፈተና ይዘጋጅ፤ ያለፈው ኮርሱ ይያዝለት፤ የወደቀው ይማር። በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ ጉድለት የተገኘበትም ማካካሻ ትምህርት ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ይነገረው።

እኛ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። የክረምት ተማሪ ሲባል ከንፈር የምንመጥ ጥቂቶች አይደለንም። እርሱ ያስቈጠረን ፊደል ባይኖር ኖሮ ግን ይህን ጋዜጣ የሚያነብ አይገኝም ነበር። ማኅበራችን ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ይዞ ለአስተዳደሩ ያቅርብ። መምህሮቻችንም መልሳቸውን በዚሁ ገጽ ቢሰጡን ደስ ይለናል።