ትሬለር ለምታዙ ወገኖች

አንድ ወዳጄ አዲስ ትራቭል ትሬለር ሊያዝ ነውና የኦፕሽን ዝርዝሩን ላከልኝ። ፋየርፕሌስ፣ ሁለተኛ ቲቪ፣ የውጪ ኩሽና... ያልመረጠው የለም። ሻጩ «በወር 20 ዶላር ብቻ ነው የሚጨምረው» ብሎታል። በ15 ዓመት ብድር 3,600 ዶላር መሆኑን ግን አልነገረውም!

ገንዘቡስ ይሁን፤ እኔን ያስጨነቀኝ ክብደቱ ነው። ፋብሪካ የሚገጥመው ኦፕሽን ሁሉ እንድትጭኑ ከተፈቀደላችሁ ክብደት ላይ ይቀነሳል። 40 ጋሎን ውሃ ብቻውን 330 ፓውንድ ግድም ነው። ምግቡ፣ ብስክሌቱ፣ ጀበናው ሲጨመር ከአክሰሉ አቅም ሊያልፍ ይችላል። ቤተሰብ ይዞ ቁልቁለት ላይ ደግሞ... ተዉት።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ለፋብሪካው መከፈል ያለበት በኋላ ለመቀየር ለሚያስቸግር ነገር ነው፦ ጠንካራ አክሰል፣ 50 አምፕ መስመር፣ ከብርድ የተሸፈነ የውሃ ታንከር። ቲቪማ ከየትም ይገዛል።

ወዳጄ ቅዳሜ ይፈርማል። ቲቪውን ሰርዟል፤ ፋየርፕሌሱን ግን ባለቤቱ አይነካም ብላለች።