ኪራይም የጦርነት ዕዳ ነው

እኛ አዘዞ ነን። (አዘዞ የት ናት ለምትሉ፦ በአውሮፕላን ወደ ጎንደር ስትመጡ መጀመሪያ የምትረግጡት መሬት አዘዞ ነው። «ጎንደር ገባሁ» ብላችሁ ፎቶ የምትለጥፉት አዘዞ ላይ ቆማችሁ ነው። ግድ የለም፣ ለምደነዋል።)

ዛሬ ስለ አንድ ምጣድ እናወራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሴቶች ነን። አብረን ጋዜጠኝነት ተማርን፣ አብረን ተመረቅን፣ አብረን ሥራ አጣን። አሁን አንዳችን የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ አንዳችን መድኃኒት ቤት ገንዘብ ትቀበላለች፣ አንዳችን ደግሞ ይኸው ትጽፋለች። ለሦስት አንዲት ክፍል ተከራይተናል። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ሽንት ቤት የጋራ፣ ውኃ በጀሪካን። በወር 3500 ብር። ደላላው «እድለኞች ናችሁ» አለን፤ እኛም አመንነው።

በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። ልጅ ያዘለች ሴት ናት፤ ሌላው ልጇ ቀሚሷን ይዟል። «እህቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጓሮ ምጣዴን ትቼው ነበር፣ ልወስደው ነው» አለችን። ከሰል እያቀጣጠልን ነበርና ቡና ጠጪ አልናት። እንቢ እንቢ ብላ ተቀመጠች።

ከአዲ አርቃይ በኩል ናት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲደርስባቸው መጀመሪያ ደባርቅ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ኪራይ ይቀንሳል ተብላ አዘዞ። እኛ አሁን በምንተኛባት ክፍል ሁለት ዓመት ኖራለች። የምትከፍለው 2000 ብር ነበር። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት «ክፍሏን ለልጄ ፈልጌያታለሁ» አሏት። አሥር ቀን ሰጧት፤ ወጣች።

ልጃቸው እኛ ነን ማለት ነው።

ምጣዷን በጨርቅ ጠቅልላ ስትነሳ አልወቀሰችንም። «ቤቱ ጥሩ ነው። በክረምት በዚህ በኩል ያፈሳል፤ ባልዲ አድርጉበት» ብላን ሄደች። እኛ ሦስት ጋዜጠኞች ነን ባዮች፣ ወደ ቤቱ ስንገባ ከእኛ በፊት ማን እንደነበረ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅንም ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ባለቤት ልንራገም አማረን። ግን እትዬንም እናውቃቸዋለን። በጡረታ የሚኖሩ፣ ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። ጤፉንም ዘይቱንም የሚገዙት እንደኛው ከገበያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቆርቆሮውም ሚስማሩም አብሮ ወጣ። እሳቸው የሚሸጡት ሌላ ነገር የላቸውም፤ ያላቸው ይህችው ክፍል ናት። ስለዚህ እርግማናችንን ዋጥነውና «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ወደሚለው ዞርን።

እስቲ ከተማዋን እንያት። አዘዞ ከጎንደር መሐል በስተደቡብ ከአሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ ራቅ ትላለች። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እዚህ ነው። ትልቁ የጦር ካምፕ እዚህ ነው። ወደ መተማና ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ባሕር ብቻ ጎደላት እንጂ ወደብ ናት። ወታደር ሲመጣ በእሷ ነው፣ ቁስለኛ ሲመለስ በእሷ ነው፣ የተፈናቀለ ሲሸሽ በእሷ ነው።

ይህ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ በጥንቱ አማርኛ የንጉሥና የጦር ሠራዊት ማረፊያ ማለት ነበር። «ሰፈር»ም ያው ነው፤ የሠፈረ ሠራዊት ቦታ። አዲስ አበባ ውስጥ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እያልን የምንጠራው በከንቱ አይደለም። በዚያ ዘመን ወታደር የሚያድረው በየገበሬው ቤት እየተመራ ነበር። ተሰሪ ይሉታል። ተሰሪው መደብ ላይ ሲተኛ ባለቤቱ ደጅ ያድራል፤ ተሰሪው ጠላውን ሲጠጣ ባለቤቱ ውኃ ይቀዳል። ያኔም የጦርነቱን የቤት ኪራይ የሚከፍለው ድሃው ነበር ማለት ነው።

አዘዞም ነገሥታት አይተዋታል። አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን የሠሩት እዚህ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ ገራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት አምጥቶ ፕላን አስነደፈ፤ ፕላኑም የነጩን መኖሪያ ከአገሬው መኖሪያ ለየ። ዛሬ ፒያሳ ስንወጣ የምናደንቃቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያ ዘመን ናቸው። ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻዋ የጣሊያን ምሽግ ነበረች። ጠላት ሄደ፤ ካምፑና ማረፊያው ግን ቀሩ።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ከትግራይ የተተኮሰ ሮኬት አውሮፕላን ማረፊያውን መታው። ቀጥሎ ተፈናቃዩ ከሰሜን መጣ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የመተማው መንገድ ሌላ ስደተኛ አመጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ጦርነቱ ደጃችን ደረሰ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰዓት እላፊ መጣ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ተኩስ ሲሰማ ፍራሻችንን ከመስኮቱ ሥር ወደ መሐል መጎተት ያን ጊዜ ተማርን። ቤት ማለት ያን ጊዜ ማደሪያ ብቻ አልነበረም፤ ከጥይት መከለያም ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ሰው ይጨምራል፣ ቤት አይጨምርም። የገጠሩ መንገድ ሲዘጋ ገበሬው ዘመድ ጋ ይጠጋል፣ የወታደሩ ቤተሰብ ባል ካለበት አጠገብ ክፍል ይፈልጋል፣ ተፈናቃዩ ከመጠለያ ይሻለኛል ብሎ ይወጣል፣ እኛ ደግሞ ተመርቀን እንመጣለን። ሁላችንም ያንኑ ደላላ እንደውላለን። ደላላው የሚጠይቀን ጥያቄ ደግሞ ተቀይሯል። ድሮ «ስንት ናችሁ?» ነበር። አሁን «ከየት ናችሁ? ወታደር አለበት? ተፈናቃይ ናችሁ? ልጅ አላችሁ?» ሆኗል። ቤት ሲጠብ ሰው ወገኑንና ባዕዱን መቁጠር ይጀምራል።

«ታዲያ ጦርነት ነው፤ ምን ይደረግ?» የሚለን ሰው አይጠፋም። የሌላው አገር ሰው ምን እንዳደረገ እንንገራችሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪችመንድ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1940 ሕዝቧ 23 ሺህ ተኩል ያህል ነበር። የካይዘር ኩባንያ መርከብ መሥሪያ ሲከፍትባት በጥቂት ዓመታት 100 ሺህ ገደማ ገባ። ሰው ድንኳን ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ አደረ። አንድ አልጋ በፈረቃ ለተለያዩ ሠራተኞች ይከራይ ነበር፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው በሞቀው አልጋ ላይ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጦ ገብቶ የሚተኛም ነበር። ያው እንደኛ ናቸው።

ልዩነቱ ቀጥሎ የሆነው ነው። መንግሥታቸው «ፋብሪካውን የከፈትኩት፣ ሰውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱም የእኔ ጉዳይ ነው» አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 በወጣው የዋጋ ቁጥጥር ሕግ ደግሞ የጦር ሥራ በበዛባቸው ከተሞች ኪራይ እንዳይጨምር ታገደ። በካፒታሊዝም አገር፣ ሶሻሊስት ሳይሆኑ!

ገነት ነበር እያልን አይደለም። ቤቱን ሲያድሉ ጥቁሩን ከነጩ ለይተው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ በሪችመንድ ብዙውን የጦርነት ጊዜ ቤት አፈረሱት፤ መሄጃ ያጣው ደግሞ በብዛት ጥቁሩ ነበር። በኦሪገን ለመርከብ ሠራተኞች በችኮላ የተሠራችው ቫንፖርት የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1948 የኮሎምቢያ ወንዝ ሞልቶ በአንድ ቀን ጠራርጎ ወሰዳት። የችኮላ ቤት የችኮላ ነው። ግን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፦ ኪራይ የጦርነት ወጪ አካል ነው። ወጪውን መንግሥት ካልያዘው ተከራዩ ጫንቃ ላይ ያርፋል።

እኛስ ጋ ሕግ ጠፍቶ ነው? አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ሲወርስ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀንሶ ነበር። ይዞት የመጣውን ጣጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የቀበሌ ቤቶቻችን ጣሪያ ይመስክር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም በሚመለከተው አካል በሚወጣ ተመን ይሁን ይላል። ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። በክልሎች ግን በየትኞቹ ከተሞች እንደሚፈጸም የሚወስነው ክልሉ ነው።

ይህን አዋጅ ካነበብን በኋላ ግቢያችንን ዞረን ጠየቅን። ስድስት ተከራይ አለ፤ የጽሑፍ ውል ያለው አንድም ሰው የለም። የእኛም የቃል ነው። ባለ ምጣዷ ሴት የጽሑፍ ውል ቢኖራት ኖሮ አሥር ቀን አይሰጧትም ነበር፤ ለእኛም 3500 አይሉንም ነበር።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። አንደኛ፣ ሕጉ በመጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው እንደ አዘዞ ጦርነት ሰው ወደሚያከማችባቸው ከተሞች ነው። «ሰላም ሲሆን እንፈጽመዋለን» የሚባል ነገር የታመመን ሰው «ስትድን መድኃኒት እንሰጥሃለን» እንደማለት ነው። ሁለተኛ፣ ቀበሌው ለመታወቂያና ለስብሰባ ጊዜ ካለው ውል ለመመዝገብም አያጣም፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝገብ ይበቃል። ሦስተኛ፣ እንደ እትዬ ላሉ ባለቤቶች ኪራይ ብቻ አቁሙ ማለት አይበቃም። የግብር ቅናሽም ይሁን የጥገና ብድር፣ የሚካካሱበት ነገር ይደረግላቸው። አለዚያ ክፍሏን ይዘጓታል፤ ያኔ ሁላችንም ደጅ ነን።

«እናንተስ ምን አደረጋችሁ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ክፍሏን ለቀን አልሰጠናትም። ጀግኖች አይደለንም፣ መሄጃም የለንም። አዋጁን አትመን ለእትዬ አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰምተው «ይኸን ለኔም ቀድሞ ማን ነገረኝ? ለሷም ማን ነገራት?» አሉን። ከዚያ የሁለት ዓመት ውል ለመጻፍ ተስማሙ፤ ቅዳሜ እንፈራረማለን። ሌሎቹን አምስቱንም እኛው እንጽፋለን። ጋዜጠኝነት የተማርነው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ባለ ምጣዷን ባለፈው ሳምንት ገበያ አገኘናት። ከካምፑ ማዶ ጠባብ ክፍል አግኝታለች፣ 2800። ውል አላት ወይ ብለን ጠየቅናት። ሳቀች። «ምን ውል፣ እህቶቼ? አምላክ ነው ውሌ» አለችን። አዋጁን ታጥፎ ከቦርሳችን አውጥተን ሰጠናት። ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ እሱ ያነብላታል።

ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ባልዲውን በነገረችን ቦታ አስቀምጠናል። ቸር ይግጠመን!