ልብ ሲታመም የማስረዳት ሸክሙ የማን ይሁን?

በቃጠሎ መካከል ጣሪያ የተደረመሰበት የእሳት አደጋ ሠራተኛ የጉዳት ጡረታ ይገባዋል ወይ ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ጉዳቱም ምክንያቱም ለዓይን ይታያሉና። የልብ ሕመም ግን ለዓመታት ተሰውሮ ያድግና አንድ ቀን፣ ምናልባትም በዕረፍት ቀን፣ ይገለጣል። አሠሪው «ሲጋራው ነው፤ ከቤተሰቡ የወረሰው ነው» ይላል። ሠራተኛው «ሥራው ነው» ይላል። በአሜሪካ በርካታ ክፍላተ ግዛት ለዚህ ክርክር ያበጁት መፍትሔ የሳይንስ ተማሪን ትኩረት የሚሻ ይመስለናል።

የፍሎሪዳን ሕግ እንውሰድ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ሲቀጠር ተመርምሮ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ምልክት ካልተገኘበት፣ ኋላ በዚሁ ሕመም መሥራት ሲሳነው ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ይህ የሕግ ግምት ነው፤ አሠሪው በቂ ማስረጃ ካቀረበ ይፈርሳል። የቅጥሩ ምርመራ እኛ በቤተ ሙከራ የመነሻ ንባብ የምንለው ነው። እርሱ ካልተመዘገበ ለውጡን መለካት አይቻልም።

ግምቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት በማጥፋት የሚያሳልፉት ከሥራ ጊዜያቸው ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ በሥራ ላይ በልብ ሕመም ከሞቱት ግን 32 በመቶ ያህሉ የሞቱት በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ሠራተኛው ከባድ ልብስና የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ልብሱ ሙቀት ስለሚያፍን ላቡ ሰውነቱን አያቀዘቅዝም፤ ፈሳሽ ያጣል፤ ደሙ ይወፍራል። ጭስ ከሳበ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው። ልብ ብዙ ኦክሲጅን በሚሻበት ሰዓት ጥቂት ይደርሰዋል። ስለ ፖሊሶችም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ከድንገተኛ የልብ ሞቶች ሩብ ያህሉ ተጠርጣሪን ሲይዙ ወይም ሲታገሉ የደረሱ መሆናቸውን አመልክቷል።

ይህ ሁሉ ግን የብዙ ልቦች ታሪክ ነው። ስለ አንድ ልብ ስንጠየቅ ዝም እንላለን። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1600 ዓመት መሆኑን እናውቃለን፤ ይህ አንድ ኒውክለስ ነገ ይፈርሳል ወይ ለሚለው መልስ የለንም። (ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ልብ ምክንያት አለው፤ ምክንያቶቹ ግን ተሸርበው አይለዩም።) እንግዲህ ታማሚውን «አስረዳ» ማለት ሳይንስ ራሱ የሌለውን ማስረጃ ከእርሱ መጠየቅ ነው። ግምቱ በሥራ ሳቢያ ያልታመመውንም አንዳንዴ ይክሳል፤ የልብ ሕመም በሌላውም ሕዝብ ዘንድ የተስፋፋ ነውና። እኛ ይህን ስህተት ከተቃራኒው እንመርጣለን፤ ወጪው ለብዙዎች ይከፋፈላል፤ ያኛው ግን በአንድ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል።

የማንስማማበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሟች ቤተሰብ ግምቱን የሰጠው የልብ ድካሙ በሥራ ላይ ወይም ከከባድ ግዳጅ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ነው። በ23ኛውና በ25ኛው ሰዓት መካከል የደም ቧንቧው የሚያውቀው ድንበር የለም። ግምቱን ማፍረስ የሚሻ አሠሪ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ያንኑ የመነሻ ምርመራ በየዓመቱ ቢደግመው፣ ቢያንስ በእጁ የሚያሳየው ግራፍ ይኖረዋል።